ወሩ ሳይጋመስ ለሚያልቅ በጀት

እህቴ፣ «በጀት አወጣለሁ፤ ወሩ ሳይጋመስ ይፈርስብኛል» ብለሻል። ስንፍና አይመስለኝም። ወር ረጅም ነው፤ ደመወዝ ሲገባ ብሩ የማያልቅ ይመስላል። ኪራይና መብራት የመሳሰሉትን በዚያው ቀን ክፈይ። የቀረውን በየሳምንቱ ከፋፍለሽ የያዝነውን ሳምንት ድርሻ ብቻ እጅሽ ላይ አድርጊ። 4 ሳምንት 28 ቀን ስለሆነ ለትርፎቹ ቀናትም ትንሽ አስቀሪ፤ ብዙ ሰው የሚበደረው እዚያ ጋ ነው።

ሌላው በጀት አፍራሽ «ድንገተኛ» የሚባለው ወጪ ነው። አብዛኛው ቀኑ የታወቀ ነው! የትምህርት ቤት ክፍያን የመሰለውን የዓመት ወጪ ለ12 አካፍለሽ በየወሩ አስቀምጪ።

እያንዳንዷን ወጪ መመዝገብ ለአንድ ወር ይበቃል። ከዚያ በላይ ይሰለቻል። የሚያፈሰውን ቀዳዳ ካገኘሽ እሱን ብቻ ተከታተይ። ለራስሽም ትንሽ የኪስ ገንዘብ መድቢ፤ ጭራሽ ከጨከንሽ አትዘልቂውም።