ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦርድ ስለመወዳደር፦ ለጥያቄዎቻችሁ የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ሰሞን "ከመካከላችን ለሬዲዮ ጣቢያ ቦርድ የሚወዳደር ሰው ይውጣ" ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምኖረው። ለዓመታት ታክሲ ስነዳ ሬዲዮ ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። በኋላ በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦርድ ውስጥ ሁለት ዙር አገልግያለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንዴ ተወዳድሬ ወድቄያለሁ። ደንቡ ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚለያይ ምሳሌዬን በብዛት የምወስደው ፓሲፊካ ከሚባለው፣ በተለያዩ ከተሞች የሬዲዮ ጣቢያዎች ካሉት ድርጅት ነው። እዚሁ ዋሽንግተን 89.3 ላይ የምንሰማው ደብሊው ፒ ኤፍ ደብሊው የእሱ ጣቢያ ነው። "በእኛ አቆጣጠር" ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቦርድ አባላትን አድማጭ የሚመርጠው ለምንድን ነው? ሌላ ቦታ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

ልክ ነዎት፣ ብዙ ቦታ አይደረግም። በአብዛኞቹ ጣቢያዎች ነባር የቦርድ አባላት ራሳቸው አዲሱን ሰው ይመርጣሉ። ፓሲፊካም በአንድ ወቅት እንደዚያው ነበር። በ1999 መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ ቦርዱ "ከእንግዲህ አባላቱን የምንመርጠው እኛው ነን" ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በርክሌይ ካሊፎርኒያ ያለው የፓሲፊካ ጣቢያ፣ የኬ ፒ ኤፍ ኤ ሠራተኞች ከሕንጻው ተባረሩ፣ በሩም ተዘጋባቸው። ይህ ጣቢያ በ1949 ሥራ የጀመረ፣ በአድማጭ መዋጮ የሚተዳደር ሬዲዮ ፈር ቀዳጅ ነው። አድማጩ ዝም አላለም። ከአሥር ሺህ የማያንስ ሰው አደባባይ ወጣ። ክሱም ተከተለ። ጉዳዩ በ2001 መጨረሻ በስምምነት አለቀና በ2003 አዲስ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። በዚያ ደንብ እያንዳንዱ ጣቢያ 24 አባላት ያሉት ቦርድ አለው። 18ቱን አድማጮች፣ 6ቱን ሠራተኞች ይመርጣሉ። ይህን መብት ሰው በእግሩ ተሰልፎ ነው ያመጣው። ስንጠቀምበት ይህን ብናውቅ ደስ ይለኛል።

ከተመረጥኩ የአማርኛ ፕሮግራም ማስጀመር እችላለሁ? ሐሳቤ እሱ ነው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። አትችልም። ብዙ ሰው የሚወዳደረው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በስድስት ወሩ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ሰዓት ይተላለፍ የሚለውን የሚወስኑት የፕሮግራም ኃላፊውና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ቦርድ በዚያ ውስጥ እጁን ካስገባ ጣቢያው ይታመሳል። የቦርዱ ሥራ ሌላ ነው። በጀቱን መርምሮ ያጸድቃል። ሥራ አስኪያጅ ሲቀጠር እጩዎቹን ያጣራል። በየዓመቱ የሥራ አስኪያጁንና የፕሮግራም ኃላፊውን ሥራ ይገመግማል። ገንዘብ ያሰባስባል። የአካባቢው ሰው ምን ይፈልጋል የሚለውንም ያጠናል።

ያቺ የመጨረሻዋ ግን ቀላል አይደለችም። በጣቢያው ክልል ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አማርኛ ተናጋሪ እየኖረ ጥናቱ ውስጥ ካልገባ፣ አንተ ታስገባዋለህ። ጥናቱ ተጽፎ ከተቀመጠ የፕሮግራም ኃላፊው ሊያልፈው ይከብደዋል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን መንገድ ነው። የምትፈልገው ማይክራፎኑን ከሆነ ግን ለፕሮግራም ማመልከቻ አስገባ፣ ወይም በበጎ ፈቃድ ገብተህ ሥልጠናውን ውሰድ። ቦርድ ውስጥ አትግባ።

ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። ያግደኛል?

ፓሲፊካ ውስጥ አባል ለመሆንና ድምፅ ለመስጠት ዜግነት የሚጠይቅህ የለም። ጉዳዩ የሚነሳው የሥርጭት ፈቃዱን በያዘው ቦርድ ላይ ነው። የሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሚያስፈጽመው ሕግ ፈቃድ በያዘ ድርጅት ውስጥ የውጭ ዜጎችን ድርሻ በ20 በመቶ ይገድባል። አክሲዮን የሌለው ድርጅት ሲሆን የሚቆጠረው የቦርድ አባላቱ ዜግነት ነው። ስለዚህ በትልቅ ቦርድ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ቢኖሩ ችግር የለም። ጣቢያው በየሁለት ዓመቱ ለኮሚሽኑ በሚያስገባው ሪፖርት የአባላቱን ዜግነት ይገልጻል። ቀድመህ ንገራቸው።

እጩ ለመሆን ምን ምን ያስፈልጋል?

በ2003ቱ ደንብ መሠረት መጀመሪያ አባል መሆን ነው። ባለፉት 12 ወራት 25 ዶላር ያዋጣ ወይም ሦስት ሰዓት በበጎ ፈቃድ የሠራ ሰው አባል ነው። እጩ ለመሆን ደግሞ የ15 አባላት ፊርማ ይሰበሰባል። የመንግሥት ሥልጣን በምርጫም ሆነ በሹመት የያዘ ወይም ለዚያ እየተወዳደረ ያለ ሰው አይችልም።

አሁን የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። ጣቢያው የትኛው እንደሆነ ይቆይ። ፊርማውን በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩ። ቡና ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሁሉም "ከጎንህ ነን" አለኝ። ከስልሳ በላይ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ አባል ሆነ። ምርጫው ሲደርስ ግን የድምፅ መስጫ ወረቀት የደረሳቸው ከአሥር አይበልጡም። ለካስ የአባላት መዝገብ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የገባ ሰው አባል ቢሆንም በዚያ ዙር አይመርጥም። እኔ ያንን ቀን ሳላጣራ ነበር ሰው ያስተባበርኩት። በሥራ ተወጥረው ለእኔ ብለው ሃያ አምስት ዶላራቸውን ያወጡ እናቶች "ወረቀቱ አልመጣልኝም ልጄ" ሲሉኝ ያንገበገበኝ ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምርጫ አስፈጻሚውን "መዝገቡ የሚዘጋው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። ባለትዳሮች ከሆኑ ደግሞ ክፍያው በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አለ ማለት ሁለት አባል አለ ማለት አይደለም።

ቁጥራችን ትንሽ ነው። ከአንድ ሺህ መራጭ መቶ ብንሆን ነው። ምን ዋጋ አለው?

ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ያስደስታል። ፓሲፊካ የሚጠቀምበት ምርጫ አብላጫ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል የሚባለው ዓይነት አይደለም። መራጩ እጩዎቹን በደረጃ ያስቀምጣል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ። ዘጠኝ መቀመጫ ካለና አንድ ሺህ ሰው ድምፅ ከሰጠ፣ ሺሁን ለአሥር (ለመቀመጫው ቁጥር ሲደመር አንድ) አካፍለው አንድ ይጨምሩበታል። 101 ይሆናል። 101 ድምፅ ያገኘ ገባ። ከ101 በላይ የተረፈው ድምፅ መራጩ ሁለተኛ ወዳደረገው ሰው ይዛወራል። መጨረሻ የወጣው እጩ ይሰረዝና የእሱም ድምፅ እንዲሁ ይዛወራል። መቀመጫው እስኪሞላ በዚህ ይቀጥላል።

እንግዲህ መቶ ሰው ካላችሁ የቀራችሁ አንድ ድምፅ ነው። ያችን አንድ ድምፅ ከሌላው ሰፈር ማምጣት ነው። በሁለተኛው ውድድሬ የጃዝ አድማጮችን፣ የኤል ሳልቫዶር ሰዎችን፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ሄጄ "አንደኛ ምርጫችሁን አውቃለሁ፣ ሁለተኛ አድርጉኝ" አልኳቸው። ይህ ማንንም አያስከፋም። የገባሁት በእነሱ ነው። በራሱ ወገን ብቻ ተማምኖ የሚወዳደር ሰው ጫፍ ደርሶ ይቀራል።

ጓደኛዬ እዚያው ጣቢያ ፕሮግራም አለው። በአየር ላይ ቢቀሰቅስልኝስ?

እንዳታደርጉት! ክልክል ነው። የአየር ሰዓት ለእጩዎች ሁሉ እኩል ነው የሚሰጠው። አንተንም ከውድድሩ ሊያስወጣህ፣ እሱንም ከማይኩ ሊያስነሳው ይችላል።

ደመወዝ አለው?

የለውም።

እንግሊዝኛዬ አፌን ያዝ ያደርገዋል። የእጩዎች ክርክር ላይ መቅረብ ፈራሁ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ግን ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። (አንዲት እህት ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ አንቺን ነው የምንፈልገው። ቦርድ ውስጥ ጥሩ ተናጋሪ ሞልቷል። የሚጠፋው የሂሳብ ሪፖርት እያየ "ይቺ ቁጥር ባለፈው ወር ሌላ ነበረች" የሚል ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ገንዘብ ይዘሽ ሳታጎድይ ያስረከብሽ ከሆነ ይህንኑ ተናገሪ። እድር ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረጃቸው፤ ሰው በየወሩ እያዋጣ ሐዘን ሲደርስ የሚደርስለት ማኅበር ነው በይ። ከአድማጭ መዋጮ የሚኖር ጣቢያም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሁለት ደቂቃ ንግግርሽን ጽፈሽ ተለማመጂው። አክሰንትሽን ተዪው፣ ሬዲዮው የሁሉም አክሰንት ነው።

ከመወዳደሬ በፊት ስለ ጣቢያው ምን ልመርምር?

ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ የግብር ሪፖርት ያንብቡ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለጠየቀው ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት። ገቢውንና ወጪውን የሦስት ዓመቱን አስተያዩ። ቀጥሎ የአንቴናውን ኪራይ ውል ይጠይቁ። ይህን ማንም ልብ አይለውም። የፓሲፊካ ኒው ዮርክ ጣቢያ ደብሊው ቢ ኤ አይ አንቴናው ኤምፓየር ስቴት ሕንጻ ላይ ነበር። የኪራይ ዕዳው ተከማችቶ በ2017 ፍርድ ቤት ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደበት። በጥቅምት 2019 ደግሞ የዋናው ድርጅት አመራር ጣቢያውን በድንገት ዘጋው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የተመለሰው።

ጣቢያው የፌዴራል ድጎማ ያገኝ ከነበረም ይጠይቁ። ኮንግረስ በሐምሌ 2025 ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል። በዚህ ዘመን ቦርድ መግባት ማለት ያንን ክፍተት በምን እንሞላው ብሎ መቀመጥ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ አይቻልም። የስፖንሰር ስም ይጠራል፣ ዋጋ መናገርና "ኑ ግዙ" ማለት ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ለቦርድ አባላት ኢንሹራንስ መኖሩንም ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።

ስብሰባው ጭቅጭቅ ብቻ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አንዳንዱ ምሽት አዎ። ቡድን አለ፣ የቆየ ቂም አለ። እኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፤ ከየትኛውም ቡድን ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ድምፅ ስሰጥ ግን ወረቀቱን አንብቤ ነው። ሰነዱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው በጭቅጭቅ መሃል ይደመጣል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከመወዳደራችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ።

አገር ቤትስ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ?

አለ። በ1999 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ በፈቃዱ የሚያካሂደው አገልግሎት አድርጎ አስቀምጦታል። አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው፤ ይህም ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ በቦርድ ሥራ የተማረ ሰው ለትውልድ ቀዬው ጣቢያ የሚያካፍለው ብዙ ነገር አለው።

የምርጫ መግለጫዬ ላይ ምን ልጻፍ?

ሦስት ነገር። ጣቢያውን ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማው፣ ከዚህ በፊት በእጅህ የሠራኸውን፣ በመጀመሪያው ዓመት የምታደርገውን አንድ ነገር። እኔ በሁለተኛው ጊዜ የጻፍኩት "ሌሊት ስነዳ አብሮኝ የሚያመሽ ይህ ጣቢያ ነው። በየወሩ የበጀቱን ሪፖርት አንብቤ ያልገባኝን በሕዝብ ፊት እጠይቃለሁ" የሚል ነበር። እሱኑ ነው ሦስት ዓመት የሠራሁት።