የአንጎል የጎን ቦዮች፦ ስለ ስትሮክ ምስል ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሲቲ ስካን ተነሡ። «ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላ በክንዳቸው ማቅለሚያ ተሰጥቷቸው እንደገና ተነሡ። ለምን አስፈለገ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ምስል ዋና ተግባር አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን መለየት ነው። በቧንቧ መዘጋት የሚመጣው ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በተራው ሲቲ ስካን ላይታይ ይችላል፤ አዮዲን ያለበት ማቅለሚያ ግን ደም ወሳጅ ቧንቧዎቹን አጉልቶ የተዘጋውን ቦታ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዘመዶቼ አንድ ዓይነት ቧንቧ ተዘጋባቸው፤ አንዱ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል፣ ሌላው ግን አልጋ ላይ ቀርቷል። ልዩነቱ ከምን መጣ? (ከመራዊ)

መልስ፦ ሕክምና ያገኙበት ሰዓት ሊለያይ ይችላል፤ ሌላው ምክንያት ግን ለቆጋ መስኖ ገበሬ እንግዳ አይሆንም። ዋናው ቦይ በደለል ሲደፈን፣ ከጎን ቦይ ጥቂት ውኃ የሚደርሰው ማሳ ቶሎ አይደርቅም። አንጎልም የጎን ቦዮች አሉት፦ አንደኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 የገለጸው፣ በአንጎል ሥር ያለው የቧንቧዎች ቀለበት ሲሆን፣ በብዙ ሰዎች ላይ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ ሌላው በአንጎል ገጽ ላይ የአጎራባች ቧንቧዎችን ጫፎች የሚያገናኙት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ብዛታቸው ከሰው ሰው ይለያያል፤ በዕድሜም ይሳሳሉ። ብርቱ ሲሆኑ፣ ደም ያነሰው የአንጎል ክፍል ሥራውን ቢያቆምም ለጊዜው ሳይሞት ይቆያል። ማቅለሚያው ከተሰጠ በኋላ በሰከንዶች ልዩነት ደጋግሞ ማንሣት የሚጠቅመው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነሣ ቀስ ብለው የሚሞሉት መስመሮች የሌሉ ሊመስሉ ስለሚችሉ ነው። ቤተሰብ «መስመሮቹ ጥሩ ናቸው» ሲባል መዘናጋቱ ግን ያሳስበኛል፤ ጊዜ ያበድራሉ፣ ቧንቧውን አይከፍቱም።

ጥያቄ፦ አያታችን ሲነጋ አፋቸው ተጣሞ፣ ንግግራቸው ተሳስሮ አገኘናቸው። ጎረቤት «ብርድ መትቷቸው ነው» ቢልም፣ አስፕሪንና የግፊት ክኒን ሰጥተን ጀልባ ጠበቅን። አጠፋን? (ከዘጌ)

መልስ፦ ክኒኖቹ ቢቀሩ ይሻል ነበር። ደም መፍሰስ አለመኖሩ በምስል ሳይረጋገጥ አስፕሪን አይሰጥም። የጎን መስመሮቹም ደም የሚያደርሱት በግፊት ኃይል ስለሆነ፣ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ የቀረችውም ጠብታ ትቋረጣለች፤ ሐኪሞች የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በማይሰጡት ሕመምተኛ ላይ ግፊቱ ከ220/120 ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩት የሚቆዩት ለዚህ ነው። ማሟሟያው በመደበኛው የሚሰጠው በ4.5 ሰዓት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች ግን በምስል ለተመረጡ ሕመምተኞች የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ማውጣት እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቅም እንደሚችል አሳይተዋል፤ ሕክምናው በየሆስፒታሉ አይገኝም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደኅና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ከታዩበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ማታ ራት ሲበሉ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ የሰጣችኋቸውንም ክኒን ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ።