«ጨረቃው ወጣ» ያለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በተማሪነቴ ያነበብኩትን የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ፣ የቦሄሚያውን ንጉሥ፣ ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት። ማታ ማታ ለልጆቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግራቸዋለሁ። ደብዳቤው ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ሆምስ ጸሐፊው ጀርመን መሆኑን የሚያውቀው ግሱን መጨረሻ ላይ በማስቀመጡ ነው። እኛስ ሁሌ መጨረሻ ላይ አይደል የምናስቀምጠው? ልጄ «ታዲያ እኛም ጀርመን ነን?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጅዎ መርማሪ ይወጣዋል።

ታሪኩን ላላነበበ በአጭሩ ላስታውስ። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1891 በስትራንድ መጽሔት ያወጣው ነው፤ ከሆምስ አጫጭር ታሪኮች የመጀመሪያው። ፊርማም ቀንም የሌለው ደብዳቤ በወፍራም ሮዝ ወረቀት ተጽፎ ይመጣል። ማታ እንግዳ ይመጣል፣ ጭምብል ቢያደርግ ቅር አይበልዎት ይላል። ሆምስ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዞ በውስጡ የታተሙትን ፊደላት ያነባል። ወረቀቱ ከቦሄሚያ የመጣ ነው። ቀጥሎ ለዋትሰን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያሳየዋል።

በእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ብንደረድራት «ይህን ወሬ ስለ እርስዎ፣ እኛ አለን፣ ከየአቅጣጫው፣ ተቀብለን» እንደማለት ናት። እንግሊዝ ረዳት ግሱንና ዋናውን ግስ እንዲህ አያራርቅም። ጀርመን ግን ረዳቱን መሐል ያስቀምጥና ዋናውን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። ሆምስም ፈረንሳዊ ወይም ሩሲያዊ እንዲህ አይጽፍም፣ ለግሱ ክብር የሌለው ጀርመን ነው ይላል።

እኔ ብተረጉመው «ግሱን ደጅ የሚያስጠናው ጀርመን ነው» እል ነበር። እንደውም አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይጣፍጣል። ችግሩ፣ በደጅ ማስጠናት እኛን ማን ይችለናል? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ያውቀዋል። «በመሆኑም»፣ «በመጠየቁ»፣ «ስለሆነም» እያለ ገጹን ካጋመሰ በኋላ ነው «እናሳስባለን» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ብቅ የሚለው። «ይህን ወሬ ስለ እርስዎ ከየአቅጣጫው ሰምተናል» ብለው ቢተረጉሙ ደህና አማርኛ ነው። ፍንጩ ግን ሞተ።

ገልብጠን ግሱን ወደ ፊት ብናመጣውስ? «ሰምተናል ይህን ወሬ ስለ እርስዎ ከየአቅጣጫው»። ይህም አያዋጣም። በወሬማ ግስ እናስቀድማለን። «መጣ እንዴ ልጁ?»፣ «ገደለኝ ይሄ ታክሲ!» እንላለን። ግዕዝም ግሱን ያስቀድማል። «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ሲል ግሱ ከባለቤቱ በፊት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ፈጠረ»ን ጫፍ ላይ አስቀምጦታል። እና እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቆሎ ተማሪን ነው። ገጣሚም ሊሆን ይችላል። ቤት ለመምታት ገጣሚ የማያደርገው የለም። ጀርመን ፈጽሞ አይታሰበኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይተዉትና ጾታን ይያዙ።

በአማርኛ ጨረቃ ሴት ናት። ልጆችዎም ያውቋታል፦

ጨረቃ ድንቡል ቦቃ፣
አጤ ቤት ገባች አውቃ።

«ገባች» ነው፣ «ገባ» አይደለም። (እግረ መንገዳችንን፣ ቅድም ያልኩትም እዚሁ አለ። «አውቃ» ከ«ገባች» በኋላ የመጣው «ቦቃ»ን ፍለጋ ነው።) ለፈረንሳዊም ጨረቃ ሴት ናት፤ በሩሲያኛም የተለመደው ስሟ የሴት ነው። በጀርመንኛ ግን ጨረቃ ወንድ ነው። ፀሐይ ደግሞ ሴት። አማርኛ የተማረ ጀርመን ተሳስቶ «ጨረቃው ሳይወጣ እመጣለሁ» ቢል አይገርምም። ፀሐይን አልመረጥኩም፤ እኛው ራሳችን አንዴ «ፀሐይ ወጣች»፣ አንዴ «ፀሐዩ ከረረ» ስለምንል ፍንጭ አትሆንም። ጨረቃን ግን «ጨረቃው» ያለ ሰው ወዲያው ይነቃበታል።

እንግዲህ ደብዳቤው ላይ «ጨረቃው ሳይወጣ አንድ እንግዳ ይመጣል» የምትል ሐረግ ያስገቡ። ሆምስዎ ደግሞ እንዲህ ይበል፦ «ፈረንሳዊ ወይም ሩሲያዊ እንዲህ አይጽፍም። ጨረቃን ወንድ የሚያደርጋት ጀርመን ነው።» ከሆምስ አነጋገር የተቀየረው ጥቂት ነው፤ ሁለቱን ሕዝቦች የሚያወጣበት መንገድም እንዳለ ቆመ። ዓረብ ሀገር የኖረ አንባቢ «ዓረብም እኮ ጨረቃን ወንድ ነው የሚለው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። እሱን ግን ወረቀቱ ላይ የታተሙት ፊደላት ያስወጡልናል፤ የጀርመንኛ ቃላት ምሕጻር ናቸው።

ደራሲው ያልጻፈውን መጨመር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው። ለኅትመት ቢሆን መግቢያው ላይ አንድ መስመር ጽፌ አሳውቅ ነበር። ለመኝታ ሰዓት ግን ፈቃድ የሚጠይቅዎት የለም። ፍንጩን ቃል በቃል አስቀምጦ ሥር ማብራሪያ መደርደርን እኔ አልወደውም። ቀልድ ከተብራራ አለቀለት።

ሆምስና ዋትሰን «አንተ» ይባባሉ፤ አብረው የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ደብዳቤው ግን «እርስዎ» ይበል። ጸሐፊው ራሱን «እኛ» ማለቱንም እንዳይቀንሱት። የነገሥታቱን አዋጅ የሰማ ኢትዮጵያዊ ከ«ሰምተናል» ብቻ ዘውድ ይሸተዋል።

ሰዓቱንም አደራ። እንግዳው በእንግሊዞቹ ሰዓት ማታ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው የሚመጣው። በእኛ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ይበሉት። አለዚያ ንጉሡን በውድቅት ሌሊት በር ያስደበድቡታል።