የተበላውን ብረት ሳታዩ አትጣሉት

ልጆቼ፣

ከወጣትነቴ እስከ ጡረታዬ በጂማ ዙሪያ የአስፋልት ማደባለቂያና ማንጠፊያ ማሽኖችን ስጠግን ኖሬያለሁ። በከተማችን ጋራዦች ብየዳ የምትማሩትም፣ በጂማ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምታጠኑትም፣ ስታገኙኝ «የማያልቅ ብረት ከየት ይገኛል?» ትሉኛላችሁ። ከዚህ በፊት የሚጠየቅ ግን አለ፤ ብረቱን የሚበላው ምንድን ነው?

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። በማደባለቂያው ሳጥን ውስጥ ትኩሱን ጠጠርና ሬንጅ የሚያማስሉት መቅዘፊያዎች አልቀው ነበር። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ ሥራ ሊቆም ሆነ። እኔም ከድንጋይ መፍጫው የወጣ አሮጌ መንጋጋ ቆርጬ መቅዘፊያ አደረግሁት። መንጋጋው ከማንጋኒዝ ብረት የተሠራ ነው፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 የፈለሰፈው፣ 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝ ያለበት ብረት። ያን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ሲሰብር የኖረ ብረት ጠጠር ማማሰል ያቅተዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ሳሳ።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ማንጋኒዝ ብረት የሚጠነክረው ሲመታ ነው። በመፍጫው ውስጥ ድንጋዩ በደበደበው ቁጥር ፊቱ እየጠጠረ ይሄዳል። በማደባለቂያው ውስጥ ግን ይህ ነው የሚባል ምት የለም፤ አሸዋው እያሻሸ ያልፋል፣ ብረቱም ሳይጠነክር ይፋቃል። ለዚህ የሚሻለው ክሮሚየም የበዛበት፣ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ነጭ ብረት ነው። እርሱም የራሱ ጠባይ አለው፤ ፍትጊያን ይችላል፣ ምትን አይችልም። አዲሱ መቅዘፊያ በብሎኑ ቀዳዳ ልክ አልገባ ቢለው፣ አንድ ረዳቴ በመዶሻ ሲመታው እንደ ጀበና ለሁለት ተከፈለ። የተሰነጠቀውንም በተራ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በተለመደው የብየዳ ዘንግ፣ ልበይደው አትበሉ፤ ብየዳው ሳይቀዘቅዝ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል።

ስለዚህ ያለቀውን ቁራጭ ወደ ቁርጥራጭ ክምር ከመወርወራችሁ በፊት ጥረጉትና ብርሃን ላይ ያዙት። ፊቱ ለስልሶ ከሳሳ ያሻሸው አሸዋ ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ወይም ጠርዙ ከተሸረፈ ድንጋይ መትቶታል፤ ያን ጊዜ በመቅዘፊያውና በሳጥኑ ልባስ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፣ ጠጠር እየገባ የሚሰነቀርበት ሆኖ ይሆናል። በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ደግሞ ብረቱን አትውቀሱ፤ ጠጠሩ ወደ ሳጥኑ የሚወርድበትን አቅጣጫ ተመልከቱ።

የጂማን ዝናብ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ክረምት ላይ ጣሪያ የሌለው የአሸዋ ክምር ውሃ ጠጥቶ ወደ ማድረቂያው በርሜል ይገባል። ኦፕሬተሩ እሳቱን ይጨምራል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ በበርሜሉ ውስጥ አሸዋውን የሚያነሱት ላሜራዎች በሙቀት ይጣመማሉ፣ እርጥብ አቧራም በማጣሪያ ከረጢቶቹ ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። በአሸዋው ላይ የሚሠራ የቆርቆሮ መጠለያ ከብዙ ውድ መለዋወጫ ይበልጣል። ይህን ለአለቆች ማስረዳት ከብየዳው የከበደኝ ጊዜ ብዙ ነበር፤ እናንተ ግን አትታክቱ።

በማንጠፊያው ማሽን ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሰንሰለቱንና አስፋልት አከፋፋዩን ጠመዝማዛ ብረት ማታውኑ፣ ገና ትኩስ እያሉ አጽዱ። የቀረ ሬንጅ ሌሊት ድንጋይ ይሆናል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚበጠሰው ሰንሰለቱ ነው። ስታጸዱም የምታጸዱበት ናፍጣ አዲስ በተነጠፈው አስፋልት ላይ እንዳይንጠባጠብ፤ ሬንጁን ያሟሟዋል።

ከዚያ የማንጋኒዝ ስህተት ወዲህ መቅዘፊያ ሳይመዘን አስገብቼ አላውቅም። በካምፓችን ሚዛን ስላልነበረ ብረቱን በጆንያ ይዤ ወደ አንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን እሄድ ነበር። ሰውየው የቡናውን ጆንያ አውርዶ የእኔን ይሰቅልልኛል። ስገባ የመዘነውን፣ ስወጣ የቀረውን፣ በመካከሉ ስንት ቶን አስፋልት እንደተደባለቀ ከቀኑ ጋር በደብተር እጽፋለሁ። ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ። ከእናንተ መካከል ሊቀጥለው የሚፈልግ ካለ ይምጣና ይውሰደው፤ ባዶ ገጾች ቀርተውታል።