ሁለት ማርካ፣ አንድ ሄድፎን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መዝሙር እቀዳለሁ። ወንድሜ ከዱባይ ሃይፐርኤክስ ክላውድ የሚባል ሄድፎን ላከልኝ። የጌም ተጫዋቾች ዕቃ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ስሰማበት ግን ወደድኩት። ባለፈው ወር ጓደኛዬ ታክስታር ፕሮ 80 የሚል ይዞ መጣ። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ከስማቸውና ከማይኩ በቀር መንታ ናቸው። የእሱ ዋጋ ደግሞ ከእኔ በጣም ያንሳል። አንዱ ፎርጅድ መሆን አለበት ተባብለን ቡና አስይዘናል። ፎርጅዱ የማን ነው?
መዝሙር ቀጂው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የማንም አይደለም። ሁለታችሁም ተሸንፋችኋልና ቡናውን ተካፍላችሁ ክፈሉ።

ታክስታር የቻይና አምራች ነው፤ ፋብሪካው ጓንግዶንግ ውስጥ ነው። ፕሮ 80 የራሱ ሥራ ነው። ኪውፓድ የሚባል የስዊድን ኩባንያ ይህንኑ ሄድፎን ማይክ አስጨምሮ ኪውኤች 90 በሚል ስም ሸጠው። ቀጥሎ ኪንግስተን መጣ፤ አዎ፣ ያ በፍላሽና በሚሞሪ የምታውቀው ኪንግስተን። እ.ኤ.አ. በ2014 ሃይፐርኤክስ ክላውድ ብሎ አወጣው። ጀሚኒ ደግሞ ለዲጄዎች ኤችኤስአር 1000 ብሎታል። የአንተንና የጓደኛህን ወረቀት ብታነብ ሁለቱም 53 ሚሊሜትር ስፒከርና 60 ኦም (ኤሌክትሪክ የመቋቋም ልክ) ነው የሚሉህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ አንዱ የራሱን ጨርቅና ዲዛይን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መርጦ «ይቺን በሰማያዊ አድርግልኝ፣ ስሜንም ጥለፍባት» ይላል። ፋብሪካውም ሁለቱንም ያስተናግዳል። በንግዱ ቋንቋ የመጀመሪያው ኦኢኤም፣ ሁለተኛው ኦዲኤም ይባላል። ሌብነት የለበትም።

ታዲያ ወንድምህ ትርፉን ብር ለምን ከፈለ? ለማይኩ፣ ለለስላሳው ስፖንጅ፣ ለዋስትናው፣ ለማስታወቂያውም። የጆሮ ስፖንጅ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ እሱን አቅልለህ አትየው።

ግን ይህን አንብበህ «መልኩ ከተመሳሰለ ሁሉም አንድ ነው» እያልክ መርካቶ እንዳትሮጥ! መልክ የሚወጣው ከሞልዱ ነው። ሆዱን የሚወስነው አዛዡ ለፋብሪካው የከፈለው ዋጋ ነው። ቢኤም 800 የሚባለውን ማይክ ተመልከት፤ ስንት ማርካ ተለጥፎበት እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከውጭ የትልቅ ስቱዲዮ ማይክ ይመስላል። ወንፊቱን ስትፈታው ግን በአብዛኛው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር መሀል ላይ ተቀምጣ ታገኛለህ። በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ የተሻለ የገጠመም አለ። ሳትፈታ አታውቀውም፤ ሻጩም ራሱ አያውቀውም።

ይህን ትምህርት እኔ በሰው ሰርግ ላይ ነው የተማርኩት። ያኔ ሞንታርቦ አከራይ ነበርኩ። (ሞንታርቦ ራሱ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም እንደሆነ ታውቃለህ? እኛ የየትኛውንም አገር ትልቅ ስፒከር በሱ ስም ክርስትና አንስተነዋል።) ከሁለት ሱቅ የገዛኋቸው፣ ስማቸው የተለያየ፣ መልካቸው ግን አንድ የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ነበሩኝ። ሁለቱም ጀርባ ላይ «1000 ዋት» ተጽፏል። ሙሽሮቹ ድንኳን ሲገቡ አንደኛው ጭል ብሎ ዝም አለ። የሙሽራው አጎት እንዴት እንዳየኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማታ ቤቴ ካቻቢቴ ይዤ ሁለቱንም ፈታኋቸው። ቦርዱ አንድ፣ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር እንኳ አንድ። የሞተው ስፒከር ትራንስፎርመር ግን የሌላውን ግማሽ አያክልም። ፊውዙን ሳየው 2 አምፔር። 220 ቮልት ሲባዛ በ2፣ 440 ዋት። ከግድግዳው 440 የሚስብ ዕቃ ከየት አምጥቶ ነው ሰርጉን ሙሉ 1000 የሚያወጣው? ከዚያ ወዲህ ስፒከር ስገዛ ጀርባ ላይ ፊውዙን አነባለሁ፣ አንስቼም እመዝነዋለሁ። ሻጮቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የሁለታችሁን መንትነት ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስፖንጁን አውልቁና የብሎኖቹን ቦታና የስፒከሩን ፊት አስተያዩ። ቀጥሎ አንድ መዝሙር፣ በተለይ ክራርና የሴት ድምፅ ያለበትን፣ ከአንድ ስልክ በእኩል ድምፅ እየቀያየራችሁ ስሙ። ስፖንጁን ሳትለዋውጡ አትፍረዱ፤ ስፖንጅ ሲለወጥ ቤዙም ይለወጣልና። የአንዳችሁ ስፖንጅ ሲያልቅ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ይገባል፤ ርካሹን ፈልጋችሁ ግዙ።

ጓደኛህ ማይክ የለውም ብለህም አትኩራ። በዚያ ማይክ መዝሙር እንደማትቀዳ አውቃለሁ። ተነቃይ ነውና ንቀለውና ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው፤ ስታዳምጥ ጉንጭህን አይነካህም።