ጆሮዬ ውስጥ የማይቆመው ጩኸት፤ አዲሱን መሣሪያ ልጠብቅ ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ሐኪም፣ የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬ 47 ዓመት ነው። ከ20 ዓመት በላይ በጀንፈል ቡና መቀሸሪያ ውስጥ ማሽን ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ በሁለቱም ጆሮዎቼ ውስጥ የማያቋርጥ ጭው የሚል ድምፅ አለ። ቀን ሥራ ላይ ስሆን እረሳዋለሁ፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ፌንጣ ጆሮዬ ውስጥ የገባች ይመስለኛል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የቡና ወቅት ግን ስገላበጥ አድራለሁ። እናቴ መጀመሪያ «ሰው እያነሳህ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን እርሷም አዝና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቃ ጆሮዬ ውስጥ ልትጨምርልኝ ትፈልጋለች። አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ደግሞ ምላስ ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሪክ የሚሰጥና የጆሮ ጩኸትን የሚያድን መሣሪያ እንደ ወጣ፣ ከእርሱ የተሻለ ሌላም ከሚቺጋን ሊመጣ እንደሆነ ነገረኝ። ሞተር ሳይክሌን ሸጬ የመጀመሪያውን ላስመጣ ወይስ ሁለተኛውን ልጠብቅ? ቡና መጠጣትስ ልተው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሞተር ሳይክልዎን አይሽጡ። ይህን አስቀድሜ የምለው የመሣሪያዎቹ ዜና ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱም ለዓመታት ከተደከመባቸው ምርምሮች የተገኙ ናቸው። ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ፣ ከመሣሪያው ወሬ ይልቅ ለሕክምናዎ የሚጠቅመውን ቁም ነገር ሳያስቡት ጽፈውልኛል፤ እርሱም ክረምት ላይ ተኝተው እንደሚያድሩና በቡናው ወቅት እንቅልፍ እንደሚያጡ የገለጹበት ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ከተረዳን፣ መሣሪያዎቹ ምን ለማድረግ እንደሚሞክሩም መረዳት ቀላል ይሆናል።

በሕክምና ቋንቋ ቲኒተስ የሚባለው የጆሮ ጩኸት፣ ከውጭ ምንም የድምፅ ምንጭ ሳይኖር የሚሰማ ድምፅ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15 ሺህ ያህል ስስ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ድምፅ ሲያርፍባቸው፣ በተለይም ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ የሚቀበሉት፣ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ በሰው ልጅ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል ይመጣለት የነበረው መልእክት ሲጎድልበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጣቢያው ሲደክምበት የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ እንደሚያደርግ ሰው፣ የራሱን የመስማት መስመር ያጎላዋል፣ ያን ጊዜም ባዶው መስመር ራሱ ጭው ማለት ይጀምራል። ስለዚህ የጀመረው ከጆሮ ቢሆንም፣ አሁን የሚያሰማዎት አንጎል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው፣ 94 በመቶ የሚሆኑት አንዳች ድምፅ እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ጤነኛውም ሰው ፍጹም ጸጥታ ውስጥ ሲገባ የራሱን ውስጣዊ ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። የእርስዎን ሁለት ወቅቶች በዚህ ይመልከቷቸው። በሐምሌና በነሐሴ የጅማ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ለአንጎልዎ የሚያዳምጠውን ነገር ይሰጠዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ጸጥ ይላል፣ ቀኑን ደግሞ መቀሸሪያው ሲያጓራ ይውላል። በቀን ጆሮዎ ይጎዳል፣ በሌሊት የሚሸፍንለት ያጣል። ሁለቱ በአንድ ወቅት መገጣጠማቸው ነው እንቅልፍዎን የሚነሳዎት።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልመለስ። የእኅትዎ ልጅ የነገረዎት የመጀመሪያው፣ መቀመጫውን ደብሊን፣ አየርላንድ ያደረገው ኒውሮሞድ የተባለ ኩባንያ የሠራው ሌኒር የሚባል መሣሪያ ነው። ታማሚው በጆሮ ማዳመጫ የተዘጋጀ ድምፅ እየሰማ፣ 32 ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያሉትን ትንሽ ሰሌዳ በምላሱ ጫፍ ላይ ያኖራል፤ ድምፁና የምላሱ ንዝረት ተጣምረው ሲመጡ አንጎል ትኩረቱን ከጩኸቱ እንዲያነሳ ለማሠልጠን ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት 326 ሰዎችን ለ12 ሳምንት አክሞ እስከ አንድ ዓመት የተከታተለ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሸክሙ እንደ ቀለላቸው ተናግረዋል። ይሁንና በዚያ ጥናት የተነጻጸሩት ልዩ ልዩ የድምፅና የንዝረት አሰጣጦች እርስ በርሳቸው ነበሩ እንጂ፣ ባዶ የማስመሰያ ሕክምና የተሰጠው ቡድን አልነበረም። የጆሮ ጩኸት ደግሞ ተስፋና ትኩረት ብቻ በሚያገኝበት ጊዜም ቀለል የማለት ጠባይ አለው፤ እኔም ምንም መድኃኒት ሳልሰጣቸው፣ ምክንያቱን በደንብ ስላስረዳኋቸው ብቻ ተሽሏቸው የሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። ኩባንያው ይህን ትችት ለመመለስ በሌላ ጥናት 112 ሰዎችን መጀመሪያ ለስድስት ሳምንት በድምፅ ብቻ፣ ቀጥሎ ለስድስት ሳምንት በድምፅና በምላስ ንዝረት አክሟል፤ ጩኸቱ በመካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ደረጃ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከሁለተኛው ምዕራፍ የበለጠ ጥቅም አግኝተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መሣሪያውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚመለከተውም እነዚህኑ፣ መካከለኛና ከባድ ጩኸት ያለባቸውን ነው። «የሚያድን» የሚለው ቃል ግን ከየትም ጥናት አልወጣም፤ ጥናቶቹ የለኩት በሽታው ሰውን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ነው።

ሁለተኛው፣ ገና የሚጠበቀው፣ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሱዛን ሾር የተመራ ቡድን የደረሰበት ነው። እርሳቸው በጊኒ አሳማዎች ላይ ባደረጉት ረጅም ምርምር፣ ድምፅ ከጆሮ ተነሥቶ መጀመሪያ በሚያርፍበት የአንጎል ግንድ ክፍል ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት፣ ከፊት፣ ከመንጋጋና ከአንገት የሚመጣ የስሜት መልእክትም እንደሚቀበሉና በጆሮ ጩኸት ጊዜ ከልክ በላይ አብረው እንደሚተኩሱ አዩ። በዚህም የተነሣ መሣሪያቸው ድምፁን በጆሮ፣ ለስለስ ያለውን የኤሌክትሪክ ምት ደግሞ በጉንጭ ወይም በአንገት ላይ፣ በሚሊ ሰከንድ በተለካ ቅደም ተከተል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት 99 ሰዎች ቤታቸው ሆነው በቀን ለ30 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት ተጠቅመውበታል፤ እያንዳንዱም ሰው ጥምር ሕክምናውንና ድምፅ ብቻ ያለበትን በተለያየ ጊዜ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ወስዷል። ድምፅ ብቻ ሲሰጥ ያልታየ መሻሻል በጥምሩ ጊዜ ታይቷል። በእኔ ግምት፣ በአሠራሩ ጥንቃቄ ይህኛው የላቀ ነው፤ በተስፋ የሚጠብቁት ሰዎች መብዛታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን በሚቺጋኑ ጥናት የተካተቱት፣ መንጋጋቸውን ሲነክሱ ወይም አንገታቸውን ሲያዞሩ ጩኸቱ የሚለዋወጥባቸውና የመስማት ጉድለታቸው ከመካከለኛ ያልበለጠ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ሁለት መስፈርቶች የመጀመሪያውን እርስዎም ዛሬ ማታ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጠው ጥርስዎን ጠበቅ አድርገው ይንከሱ፣ መንጋጋዎን ወደ ፊት ይግፉ፣ አንገትዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ድምፁ ከፍ፣ ዝቅ ወይም ቀጠን የሚል ከሆነ ማስታወሻ ይያዙ። የማይለወጥ ከሆነ ያ መሣሪያ እስካሁን የተፈተነው እንደ እርስዎ ባለ ሰው ላይ አይደለም። ሁለተኛውን መስፈርት ግን በቤት ማወቅ አይቻልም፤ የመስማት ምርመራ ያስፈልጋል። ከ20 ዓመት በላይ በመቀሸሪያ የኖረ ጆሮ ከመካከለኛ በላይ ጉድለት ቢገኝበት አልደነቅም።

ሌኒርም ቢሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 4 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያስወጣ ከመሆኑ በላይ፣ በፖስታ ተልኮ የሚደረግ ዕቃ አይደለም። የሠለጠነ የመስማት ባለሙያ ከታማሚው የምርመራ ውጤት ጋር አስማምቶ ያስተካክለዋል፤ በየጊዜውም ይከታተላል። ጅማ ላይ ሆነው በሌላ ሰው ልክ የተስተካከለ መሣሪያ ምላስዎ ላይ ቢያኖሩ፣ ሞተር ሳይክልዎ ይሄዳል፣ ጩኸቱ ግን አብሮዎት ይኖራል።

ታዲያ በመጠበቅ ላይ ሳሉ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይዩ። የጆሮ ኩክ ደርቆ መድፈኑ ወይም ከልጅነት የቀረ የሚመግል ጆሮ መኖሩ ብቻውን ጩኸት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ ኦዲዮሜትሪ የሚባለውን የመስማት ልኬት ይጠይቁ፤ እዚያ ካልተሠራልዎት ወደ አዲስ አበባ በሪፈር ሄደውም ቢሆን ያድርጉት። ጉድለት ከተገኘብዎት፣ ተራው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ የጎደለውን ድምፅ ለአንጎል ስለሚመልስ፣ ብዙ ጊዜ ጩኸቱንም አብሮ ያደበዝዘዋል። ከሕክምናዎች ሁሉ ጩኸቱ የሚያመጣውን ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት በመቀነስ ጠንካራ ማስረጃ ያለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና ነው፤ ይህን ለማግኘት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢላኩ «አብደሃል ተባልሁ» ብለው አይቀየሙ። በአንጻሩ፣ ለጆሮ ጩኸት ተብሎ የሚሸጥ ቫይታሚን፣ ዚንክም ሆነ ጊንጎ የሚባለው የቅጠል መድኃኒት ጥቅሙ አልተረጋገጠም።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ክረምትን ራሱን ወደ ኅዳር ያምጡት። በስልክዎ የዝናብ ድምፅ ቀድተው፣ ወይም ራዲዮ ዝቅ አድርገው፣ ከትራስዎ ራቅ ብሎ ሌሊቱን ይሰማ። ድምፁ ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ መዋጥ የለበትም፤ ከእርሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ አብሮት ቢሰማ፣ አንጎል ጩኸቱን ከብዙ ድምፆች እንደ አንዱ ቆጥሮ መተው ይለምዳል። ከጆሮዎ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ ከፍ አድርገው ግን አይስሙ።

በሥራ ቦታ የሚደረገው ከሁሉ ይቀድማል ማለት እችላለሁ። ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ አንድ ክንድ ርቆ ከሚገኝ ባልደረባዎ ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገዎት፣ ድምፁ በድምፅ ኃይል መለኪያው በዴሲቤል ሲሰላ ከ85 ሳያልፍ አይቀርም፤ ይህም ያለ መከላከያ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ሊሰሙት የማይገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ብዙ ሠራተኞች የሚወትፉት ጥጥ እዚህ ግባ የሚባል መከላከያ አይሰጥም፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን የሥራ መከላከያ ወይም የስፖንጁን መወተፊያ አሠሪዎ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ። ቤት ሲገቡ ግን ያውልቁት፤ በጸጥታ ውስጥ ጆሮን መድፈን ጩኸቱን ያጎላዋል።

እናትዎን በአክብሮት ያመስግኗቸውና ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ያስቀምጡላቸው። የጆሮ ታምቡር ቀዳዳ ካለው፣ የሞቀው ዘይት ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ ያቃጥላል፣ ያመረቅዛልም። እንዲሁም ከዚህ ቀደም ለወባ የሚሰጠውን ኩዊኒን ወስደው፣ ወይም እንደ ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች ተወግተው ከሆነ፣ አስፕሪንም በብዛት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጆሮን የማስጮኽ ጠባይ አላቸው። በሐኪም የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲሄዱ የምፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከቀረ፣ ከልብ ምትዎ ጋር እኩል መምታት ከጀመረ፣ ምድሩ የሚዞርብዎ ወይም ፊትዎ በአንድ ወገን የሚዝል ከሆነ አይዘግዩ። በተለይ አንዱ ጆሮ በድንገት፣ በቀናት ውስጥ መስማት ካቆመ፣ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ በዚያው ቀን ይሂዱ። ሕይወትዎን እስከ መጥላት የሚያደርስ ተስፋ መቁረጥ ቢሰማዎትም እንዲሁ።

የቀረው የቡናው ነገር ነው። ለጅማ ሰው ቡና ተው ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ደግነቱ የሚያስገድድ ማስረጃም የለም። ከ65 ሺህ በላይ ሴቶችን በተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ካፌይን አብዝተው የሚወስዱት የጆሮ ጩኸት የጀመራቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። በእንግሊዝ አገር በ66 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራም ካፌይን ማቆም ጩኸቱን አልቀነሰውም፤ ይልቁንም ሲያቆሙ ራስ ምታት ያዛቸው። የጠዋቱን አቦልና ቶና እንደ ልማድዎ ይጠጡ፤ እንቅልፍ የሚያጡት ሌሊት ስለሆነ ግን፣ ከምሳ በኋላ የሚፈላውን ቡና፣ ጫትም የሚቅሙ ከሆነ የከሰዓቱን፣ ለሁለት ሳምንት ትተው ለውጥ ይኖር እንደሆነ ይመልከቱ።