ማስክ እያደረግሁ ለምን ደጋግሞ ይይዘኛል?

ጥያቄ፦ በሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኮቪድ ሁለት ጊዜ፣ ኢንፍሉዌንዛ አንድ ጊዜ ያዘኝ። ማስክ ከፊቴ አይለይም። የመከላከል አቅሜ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ሰውነትዎን ከመጠርጠርዎ በፊት የሥራ ቦታዎን ይጠርጥሩ። ሁለቱም ቫይረሶች መልካቸውን ይቀያይራሉ፤ ከሕመሙ ወይም ከክትባቱ የተገኘው መከላከያም በወራት ውስጥ ይሳሳል። ከከባድ ሕመም የሚጠብቀው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ፣ «ተከትቤም ያዘኝ» ብለው ክትባቱን እንዳይተዉ።

አሁን ወደ ማስኩ። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ጠብታ ይመልሳል፤ በጉንጭ በኩል ክፍት ስለሆነ ግን በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ብናኝ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። አክታ ሲመጠጥ ወይም የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ኤን95 (ፊት ላይ ገጥሞ ረቂቅ ብናኝን የሚያጣራ ማስክ) ያስፈልጋል። እሱንም ካጠለቁ በኋላ በሁለት እጅዎ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱ። አየሩ ወደ ዓይንዎ ከወጣ የአፍንጫውን ሽቦ በሁለቱም እጅ ጣቶች ይጫኑ፤ በጉንጭ ካፈተለከ ላስቲኮቹን ያስተካክሉ። ጺም ካለ በደንብ አይገጥምም።

ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው ግን መከላከያ ልብሱ ሲወልቅ ነው፣ ያውም ፈረቃው አልቆ ሰው ሲቸኩል። መጀመሪያ ጓንት፣ ቀጥሎ ጋዋን፣ ከዚያ መነጽር፤ ማስክ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። የታችኛውን ላስቲክ ቀድመው በራስዎ ላይ ያውጡ፣ ከዚያ የላይኛውን፤ የማስኩን ፊት አይንኩ። በየመሐሉም መጨረሻ ላይም እጅዎን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹ። አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ ዓይን የሚታሸው ግን በነሱ ነው። ማስኩን አገጭ ላይ አውርዶ ስልክ ማነጋገርና መልሶ ማድረግስ? ባያደርጉት ይሻላል።

የማረፊያ ክፍሉንም አይርሱ። ታማሚው ፊት የሚጠነቀቅ ሁሉ እዚያ ማስኩን አውልቆ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ይበላል። ከታማሚ የመጣ የሚመስለን ስንቱ ከባልደረባ የመጣ ነው! መስኮቱን ይክፈቱ፤ ምሳውን በየተራ ይብሉ።

የመከላከል አቅምዎን መመርመር የሚያስፈልገው፣ የሳምባ ምች በዓመት ሁለት ጊዜ ከያዘዎት፣ አልማዝ ባለጭራ ከተደጋገመብዎት፣ አፍዎ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ከወጣ ወይም ያለምክንያት ከከሱ ነው። ያኔ የኤችአይቪ፣ የስኳርና የደም ሴል ቆጠራ ምርመራ ያድርጉ። እስከዚያው በታመሙ ቁጥር ቀኑን፣ ፈረቃውንና የሠሩበትን ክፍል መዝግበው ለኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው ያስታውቁ። ከአንድ ክፍል ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት ከታመመ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው የክፍሉ አየር ነው።